በክረምት ዝናብ የፈረሴ ጀርባ ቅርፊት አወጣ፤ በምን ላክመው?

የዳማው ጌታ (እንጅባራ)

ጤና ይስጥልኝ። የምጠይቀው ስለ አንድ ዳማ ፈረስ ነው። ለጋሪም ለጭነትም አይውልም፤ አባቴ በውርንጭላነቱ ሰጥቶኝ እጄ ላይ ያደገ የቤት ፈረስ ሲሆን፣ የሚጋለበውም ጥር 23 ቀን በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል፣ በሠርግና በለቅሶ፣ እንዲሁም ሰውነቱ እንዲፍታታ ሲባል አልፎ አልፎ ብቻ ነው። በክረምት ቀን ቀን ከላሞቻችን ጋር መስክ ይውልና ማታ ወደ ጋጣው ይገባል።

ከሐምሌ አጋማሽ ወዲህ ከጫንቃው እስከ ዳሌው ባለው ጀርባው ላይ ፀጉሩ እየተጣበቀ በትናንሽ ጉብታዎች ይቆም ጀመር። ከሩቅ ብዙም አይታይም፤ እጅ ሲያርፍበት ግን ሻካራነቱ ይታወቃል። አንዱን ጉብታ በጥፍሬ ባነሣው ፀጉሩ ከነቅርፊቱ ተነቅሎ መጣ፤ ከሥሩ ያለውንም ቆዳ ቀልቶና ርሶ፣ ቢጫ መግል ቋጥሮ አገኘሁት። አያሳክከውም፤ ከግንድም ከግድግዳም ጋር አይታሸም። ከኮርቻ ሥር የሚገባውን ደልዳል ሳነጥፍበት ግን ጀርባውን ዝቅ ያደርጋል፣ ጆሮውንም ወደ ኋላ ይጥላል። ገብሱን እንደ ወትሮው ይበላል፤ የከሳም የደከመም አይመስልም።

ጎረቤቶቼ የየራሳቸውን ይመክሩኛል። አንዱ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀባው ይለኛል፤ ሌላው በእንዶድ እጠበው ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ለላሞቹ መዥገር የምንረጨውን መድኃኒት እንድረጭበት ይመክራል። የአካባቢያችን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ለክትባት ወደ ገጠር ስለ ወጡ እስኪመለሱ ድረስ ፈረሱን ሳልጎዳው ላደርግለት የምችለው ነገር ካለ ብትነግሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

ባለጋሪ (ሞጆ)

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይማርልዎት። እኔን መጀመሪያ ያስፈራኝ እኛ ባለጋሪዎች ንድፍት የምንለው በሽታ እንዳይሆን ነው፤ በሞጆም ሆነ በአካባቢዋ ከተሞች ብዙ የጋሪ ፈረስ የጨረሰብን እርሱ ነውና። እባክዎ እግሩን፣ አንገቱንና ደረቱን በደንብ ይዳብሱልኝ። ከቆዳው ሥር በአንድ መስመር የተደረደሩ ጠጣር እባጮች ካሉ፣ እነርሱም እየፈነዱ መግል የሚያወጡ ከሆነ፣ ጉዳዩ ሌላ ነው። ከሌሉ ግን ቀላል ነገር ይመስለኛል። ስለ መዥገሩ መድኃኒት የጠየቁትን በተመለከተ፣ እኛ የከብቱን አቅጥነን በፈረሶቻችን ላይ የምንረጭበት ጊዜ አለ፤ እስካሁን የሞተብን የለም።

የእንስሳት ሐኪም (ቢሾፍቱ)

ለጠያቂያችን፦ ፈረሱን በዓይኔ ሳላይ የምናገረው ግምት መሆኑን በቅድሚያ ይያዙልኝ። ሆኖም የገለጹት ምልክት ሁሉ፣ ማለትም ዝናብ ከሚያርፍበት ከጀርባ መጀመሩ፣ ፀጉር ከነቅርፊቱ ተነቅሎ መምጣቱ፣ ከሥሩ ቀይና እርጥብ ቆዳ መታየቱ፣ አለማሳከኩና ሲነካ ማመሙ፣ ደርማቶፊሎሲስ ወደሚባለው የቆዳ በሽታ ያመለክታል። የሚያመጣው ደርማቶፊለስ ኮንጎሌንሲስ የተባለ ባክቴሪያ ነው፤ ስሙ እንደሚጠቁመው መጀመሪያ የተገለጸው በ1915 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በቤልጅግ ኮንጎ በከብቶች ላይ ነበር። በአገራችንም ከብትን፣ በግን፣ ፍየልንና ፈረስን ይይዛል። ላሞችዎ ጫንቃና አንገት ላይ ተመሳሳይ ቅርፊት ካለ ቢመለከቱልኝ ጥሩ ነው።

አሠራሩን ማወቅ ሕክምናውን ስለሚያቀል ጥቂት ልዘርዝር። ይህ ባክቴሪያ በደረቅና ጤናማ ቆዳ ላይ ምንም ማድረግ አይችልም። ቆዳው ለቀናት ሳይደርቅ ሲቆይ ግን የላይኛው ሽፋን ይለሰልሳል፤ ዝንብ ወይም መዥገር የነከሰበት፣ እሾህ የጫረው ወይም ኮርቻ የላጠው ቦታ ሲያገኝም በደረቅ ቅርፊት ውስጥ ተኝቶ የከረመው ዘሩ እርጥበቱን ተከትሎ እየዋኘ ይገባል። ሰውነት ሊከላከለው ነጭ የደም ሕዋሳትን ይልካል፤ ከዚያ የሚፈልቀው ፈሳሽ ደርቆ ፀጉሩን ያጣብቃል፤ ባክቴሪያው ከሥር የሚፈጠረውን አዲስ የቆዳ ሽፋን መልሶ ሲወርር ቅርፊት በቅርፊት ላይ ይደራረባል። ለዚህ ነው አንዱን ቅርፊት ሲያነሡት ከሥሩ የቀለም ብሩሽ የመሰለ የፀጉር ጭብጥ የሚያገኙት። በዚህም ምክንያት ከማንኛውም መድኃኒት በፊት የሚቀድመው ዝናቡን ከፈረሱ ጀርባ ላይ ማንሣት ነው። ዝናቡ ከቀረለት ብዙ ፈረስ ያለ መድኃኒት በጥቂት ሳምንታት ይድናል፤ ዝናብ እየመታው የሚቀባ ቅባት ግን ምንም አይፈይድለትም።

ወንድማችን ባለጋሪ ያነሡት ሥጋት ተገቢ ነው። ንድፍት፣ በሕክምና ስሙ ኢፒዞኦቲክ ሊምፋንጃይትስ፣ ሂስቶፕላዝማ በተባለ ፈንገስ የሚመጣ ሲሆን የሚጓዘው በቆዳ ሥር ባሉት የሊምፍ መስመሮች ነው። እባጩ በእግር፣ በአንገት ወይም በደረት ላይ ተራ ይዞ ይወጣል፤ ይፈነዳል፤ መግሉም ወፍራም ነው። በብዛት የሚታየውም የጋሪ ፈረሶች ተጠጋግተው በሚሠሩባቸው ወይና ደጋ ከተሞች ነው። የዳማው ምልክት ከዚህ ይለያል፤ ቢሆንም መዳበሱ አይከፋም።

ወደ ሕክምናው ስመጣ፣ ቅርፊቱን በደረቁ አይንቀሉት፤ ያምመዋል፣ የሚቆስለውም ቆዳ ለባክቴሪያው አዲስ በር ይከፍትለታል። ፀሐይ የምትወጣበትን ሰዓት ይጠብቁና ቦታውን ለብ ባለ ውኃ ያርሱት። ከዚያ ክሎርሄክሲዲን ያለበት የማጠቢያ ሳሙና ቢያገኙ፣ ከ2 እስከ 4 በመቶ ያለውን፣ እስከ ቆዳው እንዲደርስ በጣትዎ ያሹት። ካላገኙ በየፋርማሲው የሚሸጠው ቤታዲን ይበቃል፤ የተለመደው 10 በመቶ ስለሆነ አንድ እጁን በዘጠኝ እጅ ውኃ ቢያቀጥኑት 1 በመቶ ይሆናል። ማጠቢያው ቆዳው ላይ ለ10 ደቂቃ ያህል ይቆይ፤ ሰዎች ቶሎ ያለቀልቁትና መድኃኒቱ አልሠራም ይላሉ። ከ10 ደቂቃ በኋላ በራሱ የለቀቀውን ቅርፊት ብቻ ያንሡ፤ እምቢ ያለውን ለነገ ይተውት። በንጹሕ ውኃ ያለቅልቁት፣ በንጹሕ ጨርቅም እስኪደርቅ ያሹት። በመጀመሪያው ሳምንት አየሩ በፈቀደ ቁጥር በየቀኑ፣ ከዚያ በኋላ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ አዲስ ቅርፊት መውጣቱ እስኪቆም ይቀጥሉ። የተነሣውን ቅርፊት መሬት ላይ አይጣሉት፤ ሰብስበው ያቃጥሉት፤ በደረቀ ቅርፊት ውስጥ ዘሩ ብዙ ጊዜ ሳይሞት ይቆያልና። እርስዎም እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ አልፎ አልፎ ሰውንም ይይዛል።

ስለ መዥገሩ መድኃኒት ጠንከር ብዬ መናገር አለብኝ። በየእንስሳት መድኃኒት መደብሩ ለከብት ከሚሸጡት ውስጥ አሚትራዝ የሚባለው አለ። ይህ መድኃኒት ለከብትና ለበግ የተፈቀደ ቢሆንም በፈረስና በአህያ ላይ የአንጀትን እንቅስቃሴ ያቆማል፤ ፈረሱ ሆዱ ደርቆ በቁርጠት ሊሞት ይችላል። ወንድማችን የሚረጩት ሌላ ንጥረ ነገር ያለው ሊሆን ስለሚችል የሞተባቸው አለመኖሩ አያስገርመኝም፤ ነገር ግን ጠርሙሱ ላይ አሚትራዝ የሚል ካለ ከፈረስ ያርቁት። ደግሞም የዳማው ሕመም ከመዥገር ወይም ከእከክ የመጣ ስላልሆነ ማንኛውም የመዥገር መድኃኒት አያድነውም። የተቃጠለ ዘይት ደግሞ ቆዳ ያቃጥላል፣ ፈረሱ ሲልሰው ይመርዘዋል፣ እርጥበቱንም ከሥሩ አፍኖ ለባክቴሪያው የተመቸ ቦታ ያዘጋጅለታል።

ቅርፊቱ ከጀርባው አልፎ ሰፊ የሰውነት ክፍል ከያዘ፣ ፈረሱ ከተኮሰ፣ መብላት ካቆመ ወይም እግሩ ካበጠ የፔኒሲሊን መርፌ ሊያስፈልገው ይችላል፤ እርሱን ግን ሚዛኑን የሚገምት ባለሙያ ይስጠው። ለከብት የሚሰጠውን፣ ውጤቱ ለቀናት የሚቆየውን ኦክሲቴትራሳይክሊን ራስዎ እንዳይወጉት፤ ጡንቻውን ያስቆጣል፣ በፈረስ ላይም ከባድ ተቅማጥ ሊያስከትል ይችላል።

የዳማው ጌታ (እንጅባራ)

ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሰውነቱን ከእግር እስከ አንገት ዳበስኩት፤ የተደረደረ እባጭ የለም። ከላሞቹ አንደኛዋ ግን ጫንቃዋ ላይ ልክ እንደዚሁ ያለ ቅርፊት አላት፤ እኛ ቀላል ነገር ነው ብለን ትተነው ነበር። ቤታዲኑን ከከተማ አስመጥቻለሁ።

የቸገረኝ ማድረቁ ነው። ነሐሴ በእኛ አገር ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ፤ ጠዋት ጭጋግ፣ ከቀትር በኋላ ዝናብ፣ ማታም ካፊያ ነው። ጋጣው ቆርቆሮ የለበሰ ቢሆንም አንድ ጎኑ ክፍት ስለሆነ ነፋስ ሲኖር ዝናቡ ይገባል። ፕላስቲክ ሸራ በጀርባው ላይ ባለብሰው ይሻላል ወይስ አይሻልም?

የቀድሞ ባልደራስ

ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን በፈረስ ጀርባና በፈረስ ጋጣ የፈጀሁ ሰው ነኝ፤ ዶክተሩ የተናገሩትን አከብራለሁ፣ ጥቂት ልጨምር። ፕላስቲኩን ተወው። ፈረስ ከላዩ ፕላስቲክ፣ ከታቹ ላብ ሲሆን ቆዳው ይበሰብሳል፤ ዝናብ ከመታው የባሰ ይሆናል። እኛ የምናደርገው እንዲህ ነበር። ፈረሱ ርሶ ሲመጣ አንድ ጭብጥ ደረቅ ጭድ ወይም ገለባ ጠቅልለን ከአንገቱ ጀምረን ፀጉሩን እየተከተልን ጀርባውን እናሸዋለን፤ ከዚያ መልሰን ከፀጉሩ በተቃራኒ እናሸዋለን፤ ፀጉሩ ቀና ብሎ ሲቆም ነፋሱ ሥሩን ያደርቀዋል። ሰውየው እስኪያልበው ነው የሚታሸው። ርጥብ ፈረስ ላይ ምንም ልብስ አይጣልም፤ ከደረቀ በኋላ ብቻ በረኖስ ወይም ጋቢ ይደረብበታል፤ እርሱም ርሶ ሳይሆን።

ጋጣውንም በክረምት ድንጋይ ንጣፍ ላይ ወፍራም ጭድ አንጥፈን ጠዋት ጠዋት ሽንት የነካውን እናወጣለን። በእኛ ዘመን ብዙ ሰው ለፈረሱ የቤቱን አንድ ወገን ይለቅለት ነበር፤ ጭሱም ዝንቡን ያርቅለታል። ይህ የፈረስ ቤትና የሰው ቤት የተለየው ቆርቆሮ ከመጣ ወዲህ ነው።

አንድ የማልስማማበት ነገር አለ፤ ይኸውም በየቀኑ ማጠብ የሚለው ነው። ቅርፊት ያለበትን ፈረስ ዕለት ዕለት ማርጠብ ተገቢ አይመስለኝም። ቅርፊቱን ለማለስለስ እኛ የምንቀባው ለጋ ቅቤ ነበር፤ ሌሊቱን ያድርበትና ጠዋት በጣት ሲነኩት ይለቃል። ክብ እየሆነ ለሚላጠው ጭርት ደግሞ የብሳና ቅጠል ሲቀጠፍ የሚያወጣውን ፈሳሽ እንነካለታለን።

የእንስሳት ሐኪም (ቢሾፍቱ)

አባቴ፣ በጭድ ስለ ማሸቱና ርጥብ ፈረስ ላይ ልብስ ስላለመደረቡ የተናገሩት ፍጹም ትክክል ነው፤ እኔም በመጀመሪያው መልሴ ይህንን ማስቀደም ነበረብኝ፤ እርስዎ ከእኔ በተሻለ ገልጸውታል። ስለ ማጠቡም ግማሽ በግማሽ እስማማለሁ። ፀሐይ በሌለበት ቀን ማጠቡ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል፤ በእንዲህ ያለ ቀን ሙሉ ጀርባውን ከማርጠብ ይልቅ በተቀጠነው ቤታዲን ጨርቅ ነክሮ ቅርፊቱ ያለበትን ቦታ ብቻ መጥረግና ወዲያው በጭድ ማድረቅ ይበቃል። ሙሉው እጥበት በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን፣ ፀሐይ ስትገኝ ይሁን።

ቅቤውን በተመለከተ፣ ቅርፊትን ማለስለሱ እውነት ነው። የሚያሳስበኝ ተቀብቶ ሲቀር ነው፤ ቅባት እርጥበትን ያፍናል፣ ይህ ባክቴሪያም አየር ያነሰበትን ቦታ ይመርጣል፣ ዝንብም ይስባል። የሚቀባ ከሆነ ጠዋት በማጠቢያው ሙልጭ ብሎ ይነሣ። በብሳናው ላይ በኋላ እመለስበታለሁ። እንዶዱን ግን አልመክርም፤ ልብስ ለማጠብ ያገለገለን ተክል መሆኑ ባይካድም በተላጠ ቆዳ ላይ ያቃጥላል፣ ዓይን ከገባ ይጎዳል፣ ውኃውም ወደ ወንዝ ከወረደ ዓሣ ይገድላል። የዶክተር አክሊሉ ለማ ምርምር የጀመረው በእንዶድ ልብስ በሚታጠብበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው በማየት እንደሆነ ብዙዎቻችን እናውቃለን።

ለጠያቂያችን፦ የጋጣውን ክፍት ጎን በምታገኙት ነገር፣ በቀርከሃም ይሁን በጣውላ፣ ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን ብቻ ይዝጉት፤ አራቱንም ጎን ግን አይዝጉ፤ አየር የማይገባበት ጋጣ አይደርቅም። ፈረሱና ያቺ ላም ለጊዜው ይለያዩ፤ ልጓሙ፣ ደልዳሉና መታሻ ብሩሹም ለሌላ እንስሳ አይዋሉ። የላሟን ጉዳይ ባለሙያው ሲመለሱ ያሳዩ፤ በከብት ላይ ይህ በሽታ ከፈረስ ይልቅ ይበረታል፣ በተለይም መዥገር በሚበዛበት አካባቢ።

ከሰሜን ጀርመን

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ በዚህ አገር በአንድ የፈረስ በረት ውስጥ የምሠራ ሰው ነኝ። እዚህም ቀዝቃዛውና እርጥበታማው ወቅት ሲገባ ይኸው ሕመም ይመጣል፤ ነገር ግን በብዛት የምናየው በጀርባ ሳይሆን ከሰኮናው በላይ ባለው የእግር መታጠፊያ ላይ ነው፤ ጭቃ ሲላቆጥበት ቆዳው ይሰነጠቃል፣ ቅርፊትም ያወጣል። በተለይ እግራቸው ነጭ የሆኑ ፈረሶች ይጎዱበታል፤ በነጭ ፀጉር ሥር ያለው ቆዳ ሮዝና ስስ ስለሆነ።

የምነግራችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። ጭቃ ያለበትን እግር በየማታው በውኃ ማጠብ ንጽሕና ይመስላል፤ በረታችን ግን ከተወው ቆይቷል። ጭቃው ሌሊቱን እንዲደርቅ ይተውና ጠዋት በብሩሽ ይራገፋል። ውኃ የምንጠቀመው መድኃኒት ስናደርግ ብቻ ነው፤ ከዚያም በፎጣ በደንብ እናደርቀዋለን። ቁስሉ የዳነ መስሎ ያለ ጭቃና ያለ ዝናብም እየተመላለሰ የሚያስቸግር ከሆነ የእግር እከክ የሚያመጣው ኮሪዮፕቴስ የተባለ ጥቃቅን ተባይ ሊኖር ስለሚችል ሐኪም ቅርፊቱን ፍቆ በማይክሮስኮፕ ያየዋል። እንዲህ ያለው ፈረስ እግሩን መሬት ይደበድባል፤ በጥርሱም ያካል።

እናት ከሱሉልታ

የእናንተን ውይይት ሳነብ ከእኛ ግራጫ ፈረስ ጋር አንድ ነው ብዬ ነበር፤ ግን አይመስልም። ልጆቼ የሚወዱት፣ ቅዳሜና እሑድ የሚቀመጡበት የዋህ ፈረስ ነው። የእርሱ የወጣው ጀርባው ላይ ሳይሆን የኮርቻው ጠፍር በሚያልፍበት በደረቱና በጎኑ ነው። የሳንቲም ያህል ክብ ሆኖ ፀጉሩ ይረግፋል፣ መሐሉ ግራጫ ፎሮፎር ያበዛል፣ ክቡም ቀስ በቀስ ይሰፋል። አያሳክከውም፣ አያመውምም። አሁን ደግሞ የትንሿ ልጄ ክንድ ላይ ቀይ ክብ ነገር ወጣ። ሁለቱ ይገናኛሉ?

የእንስሳት ሐኪም (ቢሾፍቱ)

እህቴ፣ ይገናኛሉ ብዬ እገምታለሁ። የእርስዎ ፈረስ ጭርት ሳይዘው አልቀረም፤ ልጅዎን ዛሬውኑ ለሰው ሐኪም ያሳዩ፣ ፈረስ እንደምትነካም ይንገሩ። በፈረስ ላይ ብዙ ጊዜ ጭርት የሚያመጣው ትሪኮፋይተን ኢኳይነም የተባለ ፈንገስ ነው። ከዳማው ሕመም የሚለየው በሦስት ነገር ነው፦ ዝናብ ሳይሆን መፋተግና መጋራት ያሠራጨዋል፤ ቦታውም ጠፍር፣ ልጓምና ኮርቻ የሚነኩት ነው፤ ቆዳውም ርጥብ ሳይሆን ደረቅና ፎሮፎራማ ነው።

ጭርት በአብዛኛው ከ1 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ በራሱ ይጠፋል። ሰዎች ብዙ መድኃኒት ሞክረው በሦስተኛው ወር ያደረጉት ነገር ፈወሰው የሚሉትም ከዚህ የተነሣ ነው። ነገር ግን በቤትዎ ልጆች ስላሉ ዝም ብሎ መጠበቅ አይበጅም። ቦታው ትንሽ ከሆነ ፀጉሩን ከዙሪያው በመቀስ አሳጥረው በተቀጠነው ቤታዲን ካጠቡና ካደረቁ በኋላ ማይኮናዞል ወይም ክሎትሪማዞል ያለበትን ቅባት ከክቡ ዳር አልፈው በቀን ሁለት ጊዜ ይቀቡ፤ ከፋርማሲ የሚገኝ ነው። በጓንት ይሁን። የተቆረጠውን ፀጉር ያቃጥሉ።

ዋናው ሥራ ያለው ግን በዕቃው ላይ ነው። የጭርት ዘር በእንጨት፣ በቆዳና በጨርቅ ላይ ከአንድ ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። ፈረሱ የሚታሸበትን ምሰሶና የጋጣ አጥር በመጀመሪያ በሳሙና አጥበው፣ ሲደርቅ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ አቅጥነው ይቀቡት፣ 10 ደቂቃም ይቆይ። በረኪናውን ከፈረሱ ቆዳ ላይ ፈጽሞ እንዳያደርሱ። ደልዳሉን በፈላ ውኃ አጥበው ፀሐይ ላይ ያስጡ። ጠፍሩ ቆዳ ስለሆነ በረኪና ያበላሸዋል፤ በኮርቻ ሳሙና አጥቦ በቤታዲኑ ውኃ መጥረግ ይሻላል፣ ፈረሱ እስኪድን ግን ባይታሰር ይመረጣል። ልጆቹም እስከዚያ ድረስ ይራቁት፤ ቅር ቢላቸውም።

አሁን ወደ ብሳናው ልመለስ። አባታችን ያሉት በብዙ የአገራችን ክፍል ለጭርት የታወቀ ሕክምና ነው፤ ተክሉም ፈንገስን የሚቋቋም ነገር እንዳለው በቤተ ሙከራ ታይቷል። ነገር ግን ፈሳሹ ቆዳን ያቃጥላል፤ በፈረስ ስስ ቆዳ ላይ፣ በተለይ በእግሮቹ መሐልና በዓይኑ ዙሪያ፣ ቁስል ሊያወጣ ይችላል። ስለ ቁልቋል ደግሞ ማንም እንዳያስበው፤ ወተቱ ዓይን ከገባ ሊያሳውር ይችላል።

ባለጋሪ (ሞጆ)

ዶክተር፣ የመዥገሩን ጠርሙስ አየሁት፤ አሚትራዝ አይደለም፣ ዲያዚኖን የሚል ነው። ከእንግዲህ ሳላነብ አልረጭም። አንድ ነገር ግን ልጠይቅ፦ አይቨርሜክቲን ለፈረስ ይሆናል? ለከብት የሚወጋውን ነው የምናገኘው።

የእንስሳት ሐኪም (ቢሾፍቱ)

አይቨርሜክቲን ለፈረስ ቅማልና እከክ ይረዳል፤ ለፈረስ የተዘጋጀው ግን በአፍ የሚሰጠው ነው። ለከብት የተዘጋጀው መርፌ ፈረስ ላይ የተወጋበትን ቦታ ያሳብጣል፤ አንዳንድ ጊዜም በዚያው ቦታ ክሎስትሪዲየም የሚባለው ባክቴሪያ ገብቶ ሕይወት ያሳልፋል። በአፍ የሚሰጠው ልክ በአንድ ኪሎ ክብደት 0.2 ሚሊግራም ስለሆነ የፈረሱን ክብደት በሜትር ለክቶ የሚገምት ሰው ያስፈልጋል። ዲያዚኖኑም ቢሆን ለሰውም ለእንስሳም መርዝ ነው፤ ቁስል ባለበት ቆዳ ላይ አይረጭም፣ የሚረጨውም ሰው አፍና አፍንጫውን ይሸፍን።

የዳማው ጌታ (እንጅባራ)

መስቀል ካለፈ በኋላ የምጽፈው ሁኔታውን ለማሳወቅ ነው። የጋጣውን ክፍት ጎን በቀርከሃ ዘጋሁት፤ ጭዱንም እንደ ባልደራሱ ምክር በየማታው አሸሁት፤ ይህ ከሁሉ የበለጠ ያደከመኝ፣ ከሁሉም የበለጠ የረዳውም ይመስለኛል። በቤታዲን ያጠብኩት ፀሐይ በወጣባቸው ቀናት ብቻ ነው። አዲስ ቅርፊት መውጣቱ ጳጉሜን ላይ ቆመ፤ አዲስ የበቀለው ፀጉርም አሁን ከሌላው አጭር ሆኖ ይታያል እንጂ ቆዳው ለስላሳ ነው። ባለሙያውም ተመልሰው ፈረሱንም ላሟንም አዩ፤ ከላሟ ቅርፊት ወስደው በማይክሮስኮፕ አይተው ደርማቶፊሎሲስ መሆኑን አረጋገጡ፣ ለእርሷም መርፌ ሰጡ።

የቀረኝ ጥያቄ ስለ ኮርቻው ነው። ለጥር መለማመድ የምንጀምረው በኅዳር ነው፤ ከአሁኑ ቀለል አድርጌ ብጭነው ይጎዳል?

የቀድሞ ባልደራስ

ልጄ፣ ደስ ብሎኛል። ጀርባውን በመዳፍህ ከጫንቃው እስከ ወገቡ ስትጫነው ሳይጎነብስ ከቆመልህ ዝግጁ ነው። ከዚያ በፊት ግን ያለ ኮርቻ በገመድ አዙረው፤ ክረምቱን ቆሞ የከረመ ፈረስ ጀርባው ይላላልና። ግላሱንም (የበዓል ልብሱን) ከማልበስህ በፊት በደንብ አራግፈው፤ ባለፈው ጥር የተጠቀለለ ግላስ ውስጥ ምን እንዳለ አይታወቅም።

የእንስሳት ሐኪም (ቢሾፍቱ)

አባታችን እንዳሉት ያድርጉ። እኔ የምጨምረው ደልዳሉን ነው፤ በክረምቱ ቁስሉ ላይ ሲደረግ የነበረው ከሆነ ውስጡ የታጨቀው ጭድ ወይም ሱፍ ተነሥቶ ይቃጠል፣ አዲስ ይሞላ፤ መታጠብ ብቻውን ውስጡን አያጸዳም። ከጋለቡ በኋላ ላቡ ያለበትን ጀርባ ልክ እንደ ዝናቡ በጭድ ያድርቁት። ላሟ ደግሞ ቅርፊቷ ሙሉ በሙሉ እስኪለቅ ድረስ ከፈረሱ ጋር በአንድ መስክ አትዋል፤ ሲለቅም ቅርፊቱ ከመስኩ ሳይሆን ከጋጣው ውስጥ ተሰብስቦ እንዲቃጠል እዚያው ታስራ ብትታከም ይሻላል።